«የብሪታንያ ደሴቶች» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ እዚሁ ጅማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በአማርኛ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ ታላቋ ብሪታንያን፣ አየርላንድንና በዙሪያቸው ያሉትን ትናንሽ ደሴቶች አንድ ላይ «የእንግሊዝ ደሴቶች» ብዬ ጠራኋቸው። አንድ ባልደረባዬ «‹የብሪታንያ ደሴቶች› በል» አለኝ። ሌላዋ ግን «ሁለቱም አየርላንዳውያንን ያስቀይማል» ትላለች። ማንን ልስማ? ስለ ፎክላንድም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ሁለተኛዋን ባልደረባዎን ይስሟት።

«የእንግሊዝ ደሴቶች» የሚለውን ዛሬውኑ ይሰርዙት። በዕለት ተዕለት ንግግራችን መላውን የለንደን መንግሥት «እንግሊዝ» እንላለን፤ ለጨዋታ ያስኬዳል። በጂኦግራፊ ትምህርት ግን እንግሊዝ ከስኮትላንድና ከዌልስ ጋር የምትጋራት የአንዲት ደሴት ክፍል ብቻ ናት።

«የብሪታንያ ደሴቶች» ግን ጠበቃ አያጣም። ስሙ ጥንታዊ ነው፤ የጥንቱ የጂኦግራፊ ሊቅ በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትልቋን ደሴት «ታላቋ ብሪታንያ»፣ አየርላንድን ደግሞ «ትንሿ ብሪታንያ» ብሏቸው ነበር። ስለዚህ «ይህ የመልክዓ ምድር ስም ነው፤ ፖለቲካ የለበትም» የሚሉ አሉ። አየርላንዳውያን ይህን የማይቀበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ለዘመናት በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ኖረው፣ በ1922 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ፤ በ1949 አገራቸው ሪፐብሊክ ሆነች። በ2005 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ስሙ ሕጋዊ ዕውቅና እንደሌለውና መንግሥታቸውም እንደማይጠቀምበት ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። የብሪታንያና የአየርላንድ መንግሥታት በ1998 ስለ ሰሜን አየርላንድ ሰላም የቤልፋስቱን ስምምነት ሲፈራረሙም «የእነዚህ ደሴቶች ሕዝቦች» በሚል አገላለጽ ነው ያለፉት።

ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከተማችን ለረጅም ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። የአባ ጅፋር አገር የራሱ ንጉሥና የራሱ ታሪክ ነበረው፤ ካርታው ግን በጎረቤቱ ስም ይጠራው ነበር።

በአማርኛ ነገሩን የሚያባብሰው «የ» ነው። «የጅማ ከተማ» ስንል ከተማዋ ራሷ ጅማ ናት፤ «የ» ስምን ብቻ ያመለክታል። በቀይ ባሕር ያሉት «የሐኒሽ ደሴቶች»ም እንደዚሁ ነው። በ1995 ኤርትራና የመን ሲጋጩባቸው አንድ አማርኛ ጸሐፊ «የሐኒሽ ደሴቶች» ቢል ለማንም አላዳላም፤ «የየመን ደሴቶች» ቢል ግን የግልግል ዳኞቹ በ1998 ከመወሰናቸው በፊት ፈርዶ ነበር። ከ«የ» ቀጥሎ የአገር ስም ሲመጣ ጆሯችን የሚሰማው ባለቤትነትን ነውና። «የብሪታንያ ደሴቶች» የሚለውን የሚያነብ ተማሪ «አየርላንድ የብሪታንያ ናት» ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም።

ስለዚህ «ብሪታንያና አየርላንድ» ይበሉ። ትናንሾቹም መካተት ካለባቸው «ብሪታንያ፣ አየርላንድና በዙሪያቸው ያሉ ደሴቶች» ይጻፉ። ይረዝማል፤ ቢሆንም ከአጭሩ ስሕተት ረጅሙን እውነት እመርጣለሁ። የቆየ ጽሑፍ ሲጠቅሱ ግን ጸሐፊው የተጠቀመበትን ስም አይለውጡ፤ ተማሪዎችም ስሙ መኖሩንና ለምን እንደሚያከራክር ይወቁ።

በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያሉት የፎክላንድ ደሴቶች ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ለአንድ ቦታ ሁለት ስሞች አሉ። ብሪታንያ «ፎክላንድ» ስትል አርጀንቲና «ማልቪናስ» ትላለች፤ ሁለተኛው የመጣው ከፈረንሳይዋ የሳን ማሎ ወደብ ሰዎች ነው። በ1982 ሁለቱ አገሮች ተዋግተውባቸዋል፤ ደሴቶቹ ዛሬም በብሪታንያ እጅ ናቸው፤ የአርጀንቲናም ጥያቄ አልቆመም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በእንግሊዝኛ ሰነዶቹ ፎክላንድን አስቀድሞ ማልቪናስን በቅንፍ ያስከትላል፤ በስፓንኛው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። እርስዎም መጀመሪያ ሲጠሯቸው «የፎክላንድ (ማልቪናስ) ደሴቶች» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «ደሴቶቹ» ማለት ይበቃል።