ክብ ቀዳዳ ወይስ ሞላላ? ሞራሌ የበሳው ተርብ ነው ጥንዚዛ?

ጥያቄ፦ ቤቱ ካለቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከጣሪያው የፓይን ሞራሌ በአንዱ ላይ እርሳስ የሚያስገባ ድፍን ክብ ቀዳዳ ተከፈተ። ከሥሩም ጅራቷ እንደ መርፌ የረዘመ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያላት በራሪ አገኘን። መድኃኒት ይረጭ ወይስ ሞራሌው ይነሳ?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ያገኟት እንጨት በሲ ተርብ ናት፤ መርፌ የመሰለውም እንቁላል መጣያዋ እንጂ መንደፊያ አይደለም። እንቁላሏን የምትጥለው በተዳከመ ወይም ገና በተቆረጠ እርጥብ ግንድ ውስጥ ነው። አብራ ሻጋታ ትዘራለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል (እጭ) ያለዚያ ሻጋታ አያድግም። ስለዚህ የደረቀ ሞራሌ ላይ ዳግመኛ አትራባም። እጩ ከጫካ ከግንዱ ጋር ተጭኖ የመጣ ነው። ዕድገቱ 2 ወይም 3 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ወደፊት አንድ ሁለት ቀዳዳ ቢጨመር አይደንግጡ። ጂፕሰም ቢጋረጥባት እንኳ በስታ ትወጣለች፤ ስለዚህ ስቱኮ ለመሙላት አይቸኩሉ።

የሚያስፈራው ባለረጅም አንቴናው የቤት ጥንዚዛ ነው። እሱ እንቁላሉን የሚጥለው እንደ ፓይን ባለ የደረቀ ለስላሳ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ትውልድ በትውልድ ይተካካል። መውጫው ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ የዚያ ግማሽ ያህል፣ ጠርዙም የተቦጫጨቀ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ እጩ ከቅርፊት ሥር ያለውን ነጩን ክፍል ለዓመታት ሲበላ ላዩን እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ አድርጎ ይተወዋል። ውጭ አንድ ቀዳዳ፣ ውስጡ ግን ዱቄት።

ለማረጋገጥ የሞራሌውን ጠርዝ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን እያሉ ይውጉት። ሰምጦ ነጣ ያለ ዱቄት ከፈሰሰ ጥንዚዛ ነው። የተርቧ መንገድ ግን በሰጋቱራ ጥቅጥቅ ብሎ የታጨቀ ነው፤ ካልቆፈሩት አይወጣም። በሞቃት ቀን ጆሮዎን ቢያስጠጉ የጥንዚዛው እጭ ሲፍቅ ይሰማል።

ጥንዚዛ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያውን በድጋፍ ያቁሙ። ከዚያ የተበላውን እስከ ጤነኛው እንጨት በመሮ ጠርበው የቀረውን ውፍረት ይለኩ፤ በጣም ከሳሳ መሐንዲስ ይየው። ቀለምም ቫርኒሽም ሳይቀር ፍቀው የቦሮን ውህድ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ልባስ ካለ አይሰርግም። ላዩን የተረጨ መድኃኒት ጠልቆ ያለውን እጭ አይደርስበትም። ጠልቆ የገባውን የሚገድለው የእንጨቱን መሀል 55 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሶ ለ1 ሰዓት የሚያቆይ ሙቅ አየር ነው፤ ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።