አያቴ በእፍኝ የለካችውን መድኃኒት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። አያቴ ኮሶ ወቅጣ፣ በእፍኟ ለክታ፣ በባዶ ሆዳችን እያጠጣች ነው ያሳደገችን፤ አንድም ልጅ አልተጎዳባትም። ፋርማሲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ግን «በሰው ላይ መሞከር ከተጀመረባቸው አሥር መድኃኒቶች ዘጠኙ ይወድቃሉ» ትለኛለች። ያን ሁሉ ዓመትና ገንዘብ ከማፍሰስ የሚወድቀውን ለምን ቀድመው አይለዩትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው።

በኮሶው ልጀምር፤ እኔም ኩታበር ጠጥቼው ነው ያደግሁት። እናቴ አበባውን በሙቀጫ ስትወቅጥ አክስቴ በር ላይ ቆማ «ለዚች ቀንሽላት፣ ከስታለች» ያለችው ዛሬም ይሰማኛል። ልክ ነበረች፤ ኮሶ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። እናንተ ስንት ነበራችሁ? ሰባት? ስምንት? ከሺህ ሰው አንዱን የሚጎዳ ነገር በስምንት ልጅ ላይ አይታይም። ለዚህ ነው መጀመሪያ በጥቂት ጤነኞች፣ ቀጥሎ በመቶ በሚቆጠሩ ሕሙማን፣ በመጨረሻ በሺዎች ላይ የሚሞከረው። (ለልጆችዎ ግን ኮሶ አይስጡ፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት መጠኑ የታወቀ ነው።)

ከባዱ ነገር ምልክቱን አይቶ ማቆም ነው። ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒት ነበረው። ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል በ70 በመቶ ገደማ ከፍ ስለሚያደርግ ልብን ይጠብቃል ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። የደም ግፊት እንደሚጨምር በትንንሾቹ ሙከራዎች ታይቶ ነበር፤ ጥቅሙ ይበልጣል ብለው ገፉበት። ወደ 15,000 ሰው የገባበት ሙከራ በኅዳር 1999 ዓ.ም. ቆመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 82፣ ካልወሰዱት 51 ሰው ሞቶ ነበር።

ያስቆመው ከኩባንያው ውጭ ያለ ቡድን ነው። የሟቾቹ ልዩነት ይህን ካለፈ ይቁም የሚለው መስመር አስቀድሞ ተሰምሮ ነበር። ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ገንዘብና ዓመት ከፈሰሰ በኋላ ልብ ያዳላላ! እኔ ራሴ ደሴ ባለችኝ መድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ «ነገ ይሸጣል» እያልኩ ጊዜው አልፎበት አስወግጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲገባ ካርቶኑ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «እስከዚህ ቀን ግማሹ ካልሄደ ሁለተኛ አላዝም» ብዬ ቀኑን እጽፋለሁ።

ልጅቷ መምህሯን አንድ ነገር ትጠይቅልኝ፦ ሙከራ ሲጀመር ያን መስመር የሚያሰምረው ማን ነው? ደሴ ስትመጣም ወደ እኔ ጎራ ትበል፤ ካርቶኖቼን አሳያታለሁ።