ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ሰው የቱ ቡና ማፍያ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ 11 ዓመት ማሽን ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። አሁን የተበላሹ ቡና ማሽኖችን እጠግናለሁ። «ለቤቴ ምን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። ጀበናን ልተው ያለኝ ሰው የለም። ጭንቁ ሁሉ ጀበና ለመጣድ ጊዜ ስለማይኖርበት ጠዋት ነው። የጠያቂው ቃል ይቀድማል፣ የእኔ መልስ ይከተላል።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ተከራይቼ ለብቻዬ ነው የምኖረው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ እወጣለሁ። ጠንከር ያለ ቡና እወዳለሁ። ምን ልግዛ?

ሞካ ግዢ፣ እህቴ። በመሃሏ የምትፈታው፣ ጎኗ ስምንት ማዕዘን የሆነችው የጣሊያን ማፍያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1933 ነው የተፈለሰፈችው፤ እስካሁን ብዙም አልተለወጠችም። ከታች ያለው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ውሃውን እየገፋ በቡናው ውስጥ ወደ ላይ ያወጣዋል። ግፊቱ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተኩል ቢሆን ነው። የካፌ ማሽን በ9 ባር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከሞካ የሚወጣው ኤስፕሬሶ አይደለም፤ ግን ወፍራም ነው፣ ከወተትም ጋር ይሄዳል።

አፈላሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «ሞካ ይመራል» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ተሳስቶ ነው። ውሃውን በጎኗ ካለችው ትንሽ ቫልቭ በታች ሙይ። ቡናውን በማንኪያ ደልድይው፤ እንዳትጠቀጥቂው። እሳቱን ቀንሺና ክዳኑን ከፍተሽ እዪ። መጀመሪያ እንደ ጥቁር ማር ወፈር ብሎ ይመጣል። ቀጥሎ ቀለሙ ይገረጣል። ከዚያ ጉርጉር ይላል። ጉርጉሩ ሳይበረታ አንሺውና ታችኛውን ክፍል እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳርፊው። ምሬቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ከሚንፎለፎለው ነው።

ስትገዢ «ባለ ሦስት ሲኒ» ቢሉሽ የጣሊያንን ትንሿን ሲኒ ማለታቸው ነው። በእኛ ሲኒ ሁለት ቢወጣት ነው። መሃል ላይ ያለው ጎማ ከጊዜ ብዛት ይደርቅና እንፋሎት በጎን ያሾልካል፤ ትርፍ ጎማ ያለው ሱቅ ምረጪ። ምድጃሽ ኢንደክሽን (በማግኔት ኃይል የሚያሞቀው) ከሆነ ደግሞ የአሉሚኒየሟ አትሠራልሽም። ማግኔት የሚይዘው ብረት መሆን አለበት።

ትንሿ ሞካ ቡታጋዜ ላይ አልቆም እያለች ትወድቃለች።

ከላይ ትንሽ የብረት ፍርግርግ ጣልበት። እሳቱም ከቂጧ ወጥቶ እጀታውን እንዳይነካ ዝቅ አድርገው፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው። ፍሬንች ፕሬስ፣ ያንን ወንፊቱ በእጅ ወደ ታች የሚጫነውን የብርጭቆ ማፍያ ገዝቼ ነበር። መመሪያው «ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ቆይተህ ቅዳ» ይላል። እንደዚያ ሳደርግ ቡናው ቀጠነብኝ፣ ኮመጠጠብኝ። ዕቃው ነው ችግሩ?

ዕቃህ ደህና ነው፣ ወንድሜ። መመሪያው የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። የሀረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ 94 ገደማ ይሆናል። ቡና ጣዕሙን በደንብ የሚሰጠው ውሃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሆን ነው። አየህ፣ የደሴ ውሃ ገና እየተንፈቀፈቀ ሳለ ነው ልኩ። አንተ ስትጠብቀው ከልኩ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብሳል።

እንዲህ አድርግ። ብርጭቆውን አስቀድመህ በፈላ ውሃ አሙቅና ድፋው። ለግማሽ ሊትር ውሃ 30 ግራም ቡና ጨምር። ውሃውን ከእሳት እንዳወረድክ ወዲያው ቅዳ። በፎጣ ጠቅልለህ መመሪያው 4 ደቂቃ አቆየው የሚለውን 5 አድርገው። ለእኔ የደሴ ጠዋት ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ካፌ ስሠራ ብዙ ቡና በከንቱ ደፍቻለሁ።

ልጆቼ ያንን በእጅ የሚጫነውን ማፍያ አመጡልኝ። በሙቀጫ የወቀጥኩት ይሆነዋል?

እማማ፣ የወቀጡት ለጀበናው ነው የሚሆነው። ሲወቀጥ ከፊሉ ይልማል፣ ከፊሉ ይሻክራል። ጀበና ላይ ችግር የለውም፤ ትንሽ ሲያስቀምጡት አተላው ይሰክናል። ያኛው ግን ወንፊት ነው ያለው። የላመው ያልፍና ሲኒው ሥር እንደ ጭቃ ይቀራል። ለእሱ የሚሆነውን ቡና አስፈጪ ቤት ወስደው «ሻከር አድርጉልኝ» ይበሏቸው። እንደ ሻካራ ጨው ሲሆን ልክ ነው።

ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ጥሩ ማፍያ ልግዛ ወይስ ጥሩ መፍጫ?

መፍጫውን፣ ያለ ጥርጥር። በምላጭ የሚቆርጠው ርካሽ መፍጫ እንደ ሙቀጫው ነው፤ ግማሹን ዱቄት ግማሹን ክክ ያደርገዋል። በጥርስ የሚፈጨውን፣ በእጅ የሚዞረውንም ቢሆን ግዛ። መብራት አይፈልግም። ቡናውን በምትጠጣበት ሰዓት ፍጨው፤ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

15 ባር የሚል የኤስፕሬሶ ማሽን አይቻለሁ። ከካፌው 9 ባር ይበልጣል ማለት ነው?

አይደለም። 15 ባር ፓምፑ ሊደርስ የሚችልበት ጣሪያ ነው። ቡናው የሚፈልገው 9 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ ከአንድ ሱቅ ማሽን ገዛሁ። አረፋው ያምር ነበር። ስፈታት ማጣሪያዋ ሥር አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ አገኘሁ። አረፋውን የምትሠራው እሷ ናት፤ ያረጀ ቡና ብታስገባም ያው አረፋ ይወጣል። የጠጣሁት ግን ውሃ ውሃ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን የምትገዛው ጥሩ መፍጫ ከገዛህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈህ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚያንጠባጥበው ማፍያስ?

ለቢሮ ወይም ሰው ለሚበዛበት ቤት ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ቡናህም ይቀራል። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ሊጨምር ስለሚችል ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል። የሚያሞቀው ሳህን ላይ ቡናውን አታቆየው፣ ይመራል፤ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጠው።

ሐኪሙ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል አለኝ። ቡና ልተው?

እሱን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። በጀበናና በፍሬንች ፕሬስ ሲፈላ ሲኒው ውስጥ ይገባል። የወረቀት ማጣሪያ ግን አብዛኛውን ይዞ ያስቀረዋል። ርካሹ መንገድ ሲኒ ላይ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ወይም የሸክላ ማጣሪያና ወረቀት ነው። ይሄን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣችው ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል ጀርመናዊት የቤት እመቤት ናት። የልጇን የደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ነው የጀመረችው። ወረቀቱን ቡናው ሳይገባ በፊት በሙቅ ውሃ አጠበው፤ የወረቀት ጣዕሙ ይጠፋል።

ማፍያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል።

የውሃው ኖራ ነው። በሎሚ ጭማቂና በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ በደንብ አለቅልቂው። የአሉሚኒየም ሞካ ከሆነች ሎሚው ውስጥ አታሳድሪያት።

እናቴ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የምትኖረው። ብርዱ ሲበረታ በር ዘግታ ከሰል አቀጣጥላ ነው ቡና የምታፈላው። የኤሌክትሪክ ጀበና ልግዛላት?

ግዛላት፣ ወንድሜ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ደውልላትና በሩን ክፈቺ በላት። ከሰል ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ ሰው የተረፈ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምርና ሰውየው እንቅልፍ የመጣው እየመሰለው ይሄዳል። ደሴ ብርድ ነው ብሎ ፍሙን መኝታ ቤት አስገብቶ መተኛት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

የኤሌክትሪኩ ጀበና ሽታውን ይወስድብኛል ብላ ታዝን ይሆናል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በብረት ምጣድ ትቁላው፤ ሽታው ያው ነው። አቦሉም ቶናውም በረካውም ይወጣላታል። ስትገዛ ወፍራም ገመድ ያለውን፣ ሲፈላ ራሱ የሚያጠፋውን ምረጥ። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ውሃ ሞልተህ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስፈላው። ሸክላውና ብረቱ ከተጋጠሙበት የሚያልብ ከሆነ ተወው።