ጠዋት ጠዋት ወደ 2009 የሚመለሰው ኮምፒውተር

ከአዳማ የጻፉልኝ እናት ያገለገለ ዴስክቶፕ አላቸው፤ ቤት ሆነው ጽሑፍ ይተይቡበታል። ጠዋት ሲከፍቱት ቀኑ ጃንዋሪ 1, 2009 ይሆናል፣ ያውም በፈረንጁ። ድረ ገጾች «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» እያሉ አይከፈቱም። አስተካክለው ሲሠሩ ይውላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ምንም አይልም፣ በማግስቱ ያው ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርገዋል። አባታቸው ሲያስተካክሉት ደግሞ ከስልካቸው 6 ሰዓት ይለያል። መጨረሻ ላይ «የሦስት ዓመት ልጄ ሶኬት ስለሚነካካ ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጠፋለሁ» የምትል ነገር ጣል አድርገዋል።

እኔ የያዝኩት ይህችን የመጨረሻዋን ነው። ቀን ሰዓቱን ሳይስት የሚውል ማሽን ዲቫይደር ሲጠፋ ብቻ ከረሳ፣ ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው፣ ሰዓቱን የምታስቆጥረው ትንሽ ሲሞስ ባትሪ አልቃለች። ሹት ዳውን ቢደረግም ገመዱ መብራት እስካለው ድረስ ፓወር ሳፕላዩ (መብራቱን የሚቀበለው ሳጥን) ትንሽ ኃይል ስለሚሰጥ ሰዓቱ በዚያ ይቆጥራል። ዲቫይደሩ ሲጠፋ ግን ያለችው ባትሪዋ ብቻ ናት። ዛሬ ማታ ሹት ዳውን ያድርጉ፣ ዲቫይደሩን አያጥፉ፣ የክፍሉን በር ቆልፈው ይደሩ። ጠዋት ሰዓቱ ልክ ከሆነ ምርመራው አለቀ። ሌሊት መብራት ከሄደ ግን ሙከራው አይቆጠርም፣ ይድገሙት።

ፎርማቱ የሚያናድድ ነው። የግድግዳ ሰዓት ሲቆም ግድግዳውን ቀለም መቀባት ማለት እኮ ነው! በኢንተርኔት ራሱን ያስተካክላል የሚሉትም አይሠራልዎትም፤ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ካለፈ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይነካውም። የእርስዎ ልዩነት ደግሞ ዓመታት ነው።

ባትሪዋን ለመቀየር ኬዙን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር፦ ልጁ አጠገብዎ አይሁን። የምትወጣዋ ባትሪ ሳንቲም ታክላለች፣ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ልትቀር ትችላለች። አልቃለች ብለው አይናቋት፤ የኮምፒውተር ሰዓት ማስቆጠር ያቃታት ባትሪ ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል አላት፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች።

አሁን ወደ ሥራው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ይግቡና (ማሽኑ ሲነሳ የሚጫኑት ብዙ ጊዜ ኤፍ2 ወይም ዲሊት ነው) እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱ። በተለይ ሳታ (SATA) የሚለው የሃርድ ዲስኩ መስመር ኤኤችሲአይ (AHCI) ይሁን አይዲኢ (IDE) ይዩት፤ ይህ ከተቀየረ ዊንዶውሱ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ሦስተኛ ፎርማት ሊያስደርግዎት የሚመጣ አይጠፋም። ገመዱን ከጀርባው ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ትንሽ ተጭነው ይያዙ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትተው ኬዙን ይክፈቱ፣ የኬዙን ብረት ይንኩ። የፓወር ሳፕላዩን ሳጥን ግን አይክፈቱት፤ ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ይቆያል። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ምላስ ወደ ጎን ሲገፉ ራሷ ትነሳለች። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው ይለኩ፦ አዲስ 3 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ2.7 በታች ከሆነ ይቀየር።

እዚህ ላይ ይህችን ካልተናገርኩ አላርፍም። ብዙ ቦርድ ላይ ባትሪዋ አካባቢ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብርማ ሲሊንደር አለች። ውስጧ እንደ ባለ ሁለት ጣት ሹካ የተቆረጠ ኳርትዝ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ለምን 30 ሺህ አልሆነም? ሁለት ሲመታ አንድ ብቻ የሚያሳልፍ ቆጣሪ ያስቡ። ከ32,768 ያሳለፈው 16,384 ነው። ከኋላው ሌላ ቢቆም 8,192፣ ሌላ 4,096። እንዲህ 15 ቆጣሪ ሲሰለፍ የመጨረሻው በር ላይ በሴኮንድ ልክ አንድ ይወጣል። የእጅ ሰዓትዎም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ይህች ሹካ በቀን አንድ ሁለት ሴኮንድ ልትስት ትችላለች፣ ስለዚህ በወር አንድ ደቂቃ ያህል ቢዛነፍ ብልሽት አይባልም። ማሽኑ በርቶ እያለ በቀን ደቂቃዎች የሚስት ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ቦርዱ ይዞራል። የእርስዎ ሹካ ደህና ናት፤ ሌሊት የሚያንቀጠቅጣት አጥታ ነው።

ሲገዙ ሲአር2032 ይበሉ። 20 ስፋቷ በሚሊሜትር፣ 32 ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ማለት ነው። «ያው ነው» ብለው ሲአር2025 ከሰጡዎት ያው አይደለም፣ ትሳሳለች። አንዴ አንድ ማሽን ከፍቼ በሳሳች ባትሪ ሥር የተጣጠፈ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ስድስት ወር ሙሉ ሰዓቱ እየመጣ እየሄደ ግራ ገብቶት ነበር። ርካሾቹ ካርድ ሙሉ ባትሪዎች ከመደብሩ ሳይወጡ 2.8 ሊያነቡ ይችላሉ፤ ሻጩ ፊት ይለኩ። የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆና ትግባ። (ላፕቶፕ ያላችሁ፦ ብዙዎቹ ላይ ባለ ሽቦ ባትሪ ነው ያለው፣ ከነሽቦው ግዙ። ባትሪ ላይ በቀጥታ አትበይዱ፣ ሊፈነዳ ይችላል።) ከዚያ ባዮስ ገብተው ሰዓቱን ይሙሉ፣ የቀረውን ከፎቶው ጋር ያስተያዩ።

የአባትዎ 6 ሰዓት ብልሽት አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2 ይሞላሉ፣ ማሽኑ 8 ይፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው፣ ዩቲሲ +3፣ ላይ ያድርጉት፤ አባትዎ የአበሻውን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ላይ ይዩ። ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት የሚሆንበት ሰው ካለ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ማሽን ላይ ጭኖ ይሆናል፤ አንዱ የአገሩን፣ ሌላው የግሪንዊችን ሰዓት ቦርዱ ላይ እየጻፈ ይጣላሉ። ሊኑክሱን በአገር ሰዓት እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

አሮጌዋን ባትሪ ሁለቱንም ፊቷን በፕላስተር ይጠቅልሏትና ልጁ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ እስኪያስለው አይጠብቁ፣ አያስታውኩት፣ ያኔውኑ ሆስፒታል። አዲሶቹም ካርዱ ላይ የቀሩት ያው ናቸው፤ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከፍ አድርገው።