ሥራዬን ልተው? ስለ ጥሪ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በሒሳብ ሥራ ላይ አሥር ዓመት አልፎኛል። ጌታን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ አገልጋይ እጃቸውን ጭነውብኝ «አንቺ ለአገልግሎት የተጠራሽ ነሽ፤ ጊዜሽን እያባከንሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቢሮ ቁጭ ብዬ ቁጥር ስደምር እንደ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት የሸሸሁ ይመስለኛል። ሥራዬን እንዳልተው ደግሞ የታመመች እናቴን የምረዳት እኔ ብቻ ነኝ። ምልክት ስጠኝ ብዬ ብጸልይም መልስ አላገኘሁም። ጥሪዬን እንዴት ነው የማውቀው? ካለፈኝስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም የከበደኝ «ካለፈኝስ?» ያልሽው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን «ጥሪ» የሚለውን ቃል አቧራውን እናራግፍለት።

እኛ «እሱ እኮ ጥሪ አለው» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ማይክ ስለሚይዝ ሰው ነው የምናወራው። ይሰብካል፣ ወይም ይዘምራል። የቀረነው ቁጭ ብለን እናዳምጣለን፤ በማግስቱ ወደየሥራችን እንሄዳለን። ጥሪ የእሱ፣ ሥራ የእኛ።

ጳውሎስ ግን ቃሉን እንዲህ አይጠቀምበትም። የሮሜን መልእክት ክፈቺ። ገና በመጀመሪያው ቁጥር ራሱን ሐዋርያ ሊሆን የተጠራ ብሎ ያስተዋውቃል። ወረድ ብለሽ ቁጥር 6ንና 7ን ስታነቢ፣ ያንኑ ቃል ለአንባቢዎቹ ይሰጣቸዋል። እነሱም የኢየሱስ ክርስቶስ ሊሆኑ የተጠሩ፣ ቅዱሳን ሊሆኑ የተጠሩ ናቸው። እነማን ናቸው እነዚህ? ምዕራፍ 16 ላይ ብዙዎቹ በስም ተጠርተዋል። ከስሞቹ መካከል በዚያ ዘመን ባሪያዎች የሚጠሩባቸው ስሞች አሉ። የሐዋርያው ጥሪና የባሪያው ጥሪ በአንድ ቃል ተጻፈ።

ቤተ ክርስቲያን የምንለውም በግሪኩ ኤክሌሲያ ነው። ሥሩ «መጥራት» ከሚለው ግስ ነው የመጣው። በጊዜው ተጠርተው ለጉባኤ የሚሰበሰቡ የከተማ ዜጎች የሚባሉበት ተራ ቃል ነበር። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጥሪ ያላቸውና የሌላቸው» ብሎ መክፈል፣ የተጠሩትን ሰዎች ስብሰባ የተጠሩና ያልተጠሩ ብሎ እንደ መክፈል ነው። ፈገግ ያሰኛል፤ ግን እናደርገዋለን።

ታዲያ ጥሪው ወደ ምንድን ነው? እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ማርቆስ 3 ላይ ጌታ አሥራ ሁለቱን ሲሾም ሁለት ምክንያት ተጽፏል፤ ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ፣ ለመስበክም እንዲልካቸው። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። አብሮ መኖሩ ይቀድማል፣ መላኩ ይከተላል። አንቺ አሁን የምትጠይቂኝ ስለ ሁለተኛው ነው። የት ልሂድ፣ ምን ልሥራ። ስለ መጀመሪያው ግን በደብዳቤሽ ውስጥ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ጌታን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» የሚል። ይህን ለመውቀስ አላልኩትም። ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ጸሎትሽ ሁሉ ስለ ሥራሽ ብቻ ከሆነ፣ ዋናው ጥሪ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ነው ብሎ ሲጀምር፣ ቀጥሎ የጻፈው የሥራ ዝርዝር አይደለም። «መቀደሳችሁ» ነው ያለው። ይህን ፈቃድ ለማወቅ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግሽም።

ከዚህ ቀጥሎ የሥራው ጉዳይ ይመጣል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ ጳውሎስ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ በቁጥር 17፣ 20 እና 24። እያንዳንዱ ሲጠራ በነበረበት ሁኔታ ይኑር ይላል። የተገረዘው አይለወጥ፣ ያልተገረዘውም አይገረዝ። ለባሪያው ግን ነፃ ልትወጣ ከቻልህ ተጠቀምበት ይለዋል። እንግዲህ «ባለህበት ኑር» ማለት «እዚያው ታስረህ ቅር» ማለት አይደለም። የሚለው ይህን ነው፦ እግዚአብሔር አንቺን ለመጥራት መጀመሪያ ቦታ እንድትቀይሪ አልጠበቀም። ባለሽበት መጥቶ ነው የጠራሽ።

ቃሉ ወደ መድረክ የወጣበት ታሪክም አለው። በምዕራቡ ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ጥሪ ሲባል የሚታሰበው በዋናነት የመነኮሳትና የካህናት ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሉተር ይህን ተቃወመ። «ቤሩፍ» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ለቤት ሠራተኛዋም፣ ለገበሬውም፣ ለእናቲቱም አዋለው። ዛሬ ጀርመኖች ቤሩፍ ሲሉ ሙያ ማለታቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ይህም ሌላ ጉድለት አለው። ጥሪ ማለት ሙያ ብቻ ከሆነ፣ ሥራ ያጣው ሰው ጥሪ የለውም? አልጋ ላይ ያሉት እናትሽስ? እሳቸውም ዛሬ በአልጋቸው ላይ እንዳሉ የተጠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዮናስ። ዮናስ ጥሪውን ፍለጋ ሌሊት አልተገላበጠም። የከተማው ስም ሳይቀር ተነግሮታል፤ ነነዌ። ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ የፈለገው ስለማያውቅ ሳይሆን በደንብ ስላወቀ ነው። አንቺ «የት ልሂድ?» ብለሽ እያለቀስሽ ነው። የሚሸሽ ሰው አቅጣጫ አይጠይቅም።

ስለ ሒሳብ ሥራሽ ደግሞ፣ «እያባከንሽ ነው» የሚለውን ቃል እኔ አልቀበለውም። መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ ሲሰብክ ቀረጥ ሰብሳቢዎች መጥተው ምን እናድርግ አሉት። ሥራችሁን ጥላችሁ ተከተሉኝ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ጌታም ሌዊን ከመቅረጫው አስነሥቶ አስከተለው፤ ዘኬዎስን ግን ቤቱ ገብቶ ጎበኘው እንጂ ሥራህን ተው እንዳለው አልተጻፈም። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ይህን ለማድረግ መቼም መዝገብ ገልጦ ሒሳብ መሥራት ግድ ነው! ሁለቱም የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው። አንዱ ወጣ፣ ሌላው እዚያው ተገኘ።

ዘጸአት 38ን ደግሞ አንድ ቀን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን አንብቢው። ለማደሪያው ድንኳን የገባው ወርቅ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል ነው ይላል። ብሩም ናሱም ተቆጥሯል፤ በምን ላይ እንደዋለ ሳይቀር ተጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ ዘሎ ያልፋል። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ደምሮታል፤ የደመረውም ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ ሲሰበሰብ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ የታመኑ ሰዎች አብረው እንዲሄዱ አድርጓል። ገንዘብ በየቦታው በሚጠፋበት ዓለም ንጹሕ መዝገብ የምትይዝ ክርስቲያን ጊዜዋን አባከነች የሚል ሰው ካለ፣ መዝገቡ የቆሸሸበትን ድርጅት አላየም ማለት ነው።

አገልጋዩ ያሉሽን ግን ንቀሽ ጣይው አልልሽም። ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ ተብሏልና ሁለቱንም እንያዝ። መፈተን ማለት ሰውዬውን መጠራጠር አይደለም። ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ ይመርምሩ የሚለው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ለእውነተኞቹ ነቢያት የተሰጠ ነው። በሐዋርያት ሥራ 13 መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ሲል የነበረውን ሁኔታ አስቢ። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ጆሮ ያንሾካሾከው አልነበረም። ጉባኤው እየጾመና እያመለከ ነበር። ሁለቱም በአንጾኪያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ሰው ያውቃቸዋል። ከዚያ በኋላም እንደገና ጾመውና ጸልየው ነው እጅ ጭነው የላኳቸው። አንቺን ሰምቶ፣ አይቶ፣ አብሮሽ ጾሞ የላከሽ ጉባኤ አለ? እስካሁን ያለሽ አንድ ቃል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ገና አልተመረመረም።

በተለይ የእናትሽ ነገር። በማርቆስ 7 ጌታ በጣም የተቆጣበት አንድ ልማድ አለ። ሰዎች አባትና እናታቸውን የሚረዱበትን ገንዘብ «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብለው ይከለክሉ ነበር። በእግዚአብሔር ስም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መሻር ይሏል ይህ ነው። ጳውሎስም ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ይላል። ቃሉ ከባድ ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም። ስለዚህ «ተጠርተሻል፣ ሥራሽን ተዪ» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ቀጥሎ «እናትሽንስ ማን ይይዝልሻል?» ብሎ ይጠይቅሽ። ካልጠየቀሽ፣ ገና ግማሹን ብቻ ነው ያሰበው። ቤተ ክርስቲያን የምትልከውን ሰው ሸክም አብራ ትሸከማለች። ባዶ እጁን አውጥታ «ጌታ ያውቃል» ማለት መላክ አይባልም።

በጌርጌሴኖን አጋንንት የወጡለትን ሰው ታስታውሺ ይሆናል። ጀልባው ላይ ሊወጣ፣ ከጌታ ጋር ሊሆን ለመነ። ከዚህ የተሻለ ምን ልመና አለ? ጌታ ግን አልፈቀደለትም። ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሂድ አለው። ሰውዬውም ሄዶ በአሥር ከተማ ሰበከ። ለእሱ ከጌታ ጋር መሆን ማለት ቤት መመለስ ሆነ። ጥሪ ሁልጊዜ መውጫ በር አይደለም፤ አንዳንዴ መግቢያ ነው።

አሁን ምን አድርጊ ነው የምልሽ? ሥራሽን አትተዪ፤ ለጊዜው። በምትኖሪበት ጉባኤ ሰው የጠፋለት አንድ ሥራ ፈልጊና ያዢው። የሚያስደስትሽን ሳይሆን የሚያስፈልገውን። እኔ በወጣትነቴ ከሰማይ ድምፅ ስጠብቅ ሁለት ዓመት አቃጥያለሁ። በመጨረሻ ማስተማር የጀመርኩት አንድ ሽማግሌ «የልጆቹን ክፍል የሚይዝ ጠፍቷል፣ አንተ ደግሞ ሥራ ፈት ነህ» ስላሉኝ ነው። ክብር ያለው ጥሪ አይመስልም፤ አይደል? ግን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሰዎች «አንተ ስታስረዳን ይገባናል» ማለት ጀመሩ። እኔ ራሴን ሳላውቅ እነሱ አወቁኝ። አንቺም ከዓመት በኋላ በደንብ የሚያውቁሽን ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቂ። የሚያሞግሱሽን ተያቸው፤ ስትሳሳቺ የሚነግሩሽን ጠይቂ። «በእኔ ማን ተጠቀመ?» በያቸው። ያኔ ሙሉ ጊዜሽን የሚጠይቅ ነገር ከሆነ፣ በሩም ሲከፈት ይታያል፤ የእናትሽም ነገር መላ ይገኝለታል። ያኔ ሥራሽን ብትተዪ እኔም ደስ ይለኛል።

ምናልባት ዘግይቼ ይሆን ትዪ ይሆናል። ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበር። አንቺ 34 ነሽ።

«ካለፈኝስ?» ወዳልሽው ልመለስ። ያ የምትፈሪው ዮናስ፣ ሸሽቶም፣ ባሕር ውስጥ ተጥሎም፣ ምዕራፍ 3 እንዴት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ? የእግዚአብሔር ቃል ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዮናስ መጣ። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ በባሕሩ ዳር የሰማው ቃል፣ መጀመሪያ መረቡን ያስጣለውን ያንኑ ነው፤ ተከተለኝ። እነዚህ ሁለቱ አውቀው ያጠፉ ናቸው። አውቀው አጥፍተው ካላለፋቸው፣ ሳታውቂ የምትፈልጊው አንቺን እንዴት ያልፍሻል?

ስለ እንቅልፍሽ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ድምፁን ለይቶ አላወቀውም፤ ዔሊ መስሎት እየሮጠ ይመላለስ ነበር። በሦስተኛው ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። ያኔ ግን «ቁጭ ብለህ ጠብቅ» አላሉትም። «ሄደህ ተኛ፤ ቢጠራህም ባሪያህ ይሰማልና ተናገር በለው» ነው ያሉት። ሳሙኤልም ሄዶ በስፍራው ተኛ ይላል። አንቺም ዛሬ ማታ ሂጂና ተኚ። ከጠራሽ ይቀሰቅስሻል።