መልስ፦ ለአባታችን እንንገራቸው ወይስ እንደብቃቸው?
እህቴ፣ አባትሽ የሳንባ ካንሰር እንደተገኘባቸው፣ ኬሞቴራፒ ሊጀምሩ እንደሆነና ቤተሰቡ ግን «የሳንባ ምች ነው» እንዳላቸው ጽፈሻል። እንንገራቸው ወይ ላልሽው፣ በእኔ እምነት አዎ። በጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል ወረፋ ሲጠብቁ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ የእናንተ መደበቅ ከበሽታው በላይ ያማቸዋል። ሐኪማቸው ባሉበት፣ መስማት የሚፈልጉትን ያህል ይነገራቸው። የንስሐ አባታቸው አብረው ቢቀመጡም መልካም ነው።

ሲጋራ የማያጨሱ ሰዎችም ይህ በሽታ ይይዛቸዋልና ማንም «ምን አድርገው ነው?» እያለ አያሳቅቃቸው። ይልቅስ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ኢጂኤፍአር (EGFR) በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ እንዳለበት ሊመረመር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለውጡ ያለባቸው ሰዎች በኪኒን የሚታከሙበት መንገድ አለ። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

አጥብቄ የምልሽ፣ ቴርሞሜትር ግዙ። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለጊዜው ይቅርባቸው። ጉንፋን የያዘው ጠያቂም በስልክ ይጠይቅ (አክስቶች ይቀየማሉ፤ ይቀየሙ!)።

ተስፋ አለ ወይ ብለሻል። አለ። በሽታው ፈጽሞ በማይድንበት ደረጃ ላይ እንኳ ሕክምናው ሳልንና የትንፋሽ ማጠርን ሊያቀልል፣ ዕድሜም ሊጨምር ይችላል። እናትሽስ? ሌሊት በማስታመም የሚተካቸው ሰው አለ?