ጥያቄና መልስ፦ ልጁ ቢታመም ለማን ይደወላል?

ለዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝን አራት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አራቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት የተማሪን ተጠሪ፣ ስልክና የደህንነት ጉዳይ በምን ይመዝግብ? ሶፍትዌር ይግዛ ወይስ መዝገቡ ይበቃዋል? ከዓመታት በፊት እዚያው አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ስለሠራሁ ነገሩ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። የመጀመሪያው መልስ የረዘመውም ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መሐል ሜዳ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ሮስተርም ትራንስክሪፕትም የምንሠራው በኤክሴል ነው፤ የተማሪ ማህደር ደግሞ በወረቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በቅርቡ ወጣቶች መጥተው የተማሪ ሶፍትዌር እንሽጥላችሁ አሉን። ማርክ ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል፣ መታወቂያ ያትማል። «የተማሪ ደህንነት» የሚል ክፍልም አለው፤ ስንከፍተው ግን አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ክፍያው በየዓመቱ ነው። እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ እንኳን ጻፉልኝ። ማርክ መደመሩን ይተዉት፤ ኤክሴልም ይደምራል። ሻጮቹ ሲመለሱ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ራሷን ስታ ብትወድቅ ሶፍትዌሩ ለማን እንደሚደወል ወዲያው ያሳየኛል? ያ ሰው ስልክ ባያነሳስ፣ ቀጥሎ ለማን?

ይህ የደረሰብኝ ነገር ነው። አንድ ቀን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንዲት ልጅ ወደቀች፤ መምህሯ እየሮጠ መጣ፣ እኔም ማህደሯን አወጣሁ። የተጻፈው ስልክ የወንድሟ ነው፤ ያስመዘገባት እሱ ነበርና። ደወልን። ሌላ ሰው አነሳ። ለካ ወንድሟ ዐረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ወላጆቿ ከጣርማበር ወረድ ብሎ ያለ ገጠር ውስጥ ናቸው፣ ስልክ የላቸውም። በመጨረሻ የደረሰችልን አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። «አከራይዋን አውቃታለሁ» ብላ ሮጣ ጠራቻት። ልጅቷ ዳነች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቅጽ ላይ «ስልክ» የሚል መስመር ሳይ የማን ስልክ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

እናንተ ጋ ደግሞ ይህ የየቀኑ ኑሮ ነው። ከመንዝ ገጠር የሚመጣው ተማሪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ይሄድና እሑድ ይመለሳል። ሰኞ ቢታመም ቀድሞ የሚደርስለት ወላጁ ሳይሆን አከራዩ ወይም አብሮት የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ነው። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ ሦስት ሰው ይያዝ እላለሁ፦ ወላጁ ወይም አሳዳጊው፣ ከተማው ውስጥ በእግሩ ደርሶ የሚመጣ ሰው፣ እንዲሁም ወላጆቹ ሰፈር ስልክ ያለው ጎረቤት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዝምድናው፣ ቁጥሩ መጨረሻ ተደውሎ የተረጋገጠበት ቀን፣ ልጁን ይዞ መሄድ የሚፈቀድለት መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን እባክዎ እንዳይዘሉት፤ ስልኩ የተመዘገበ ሁሉ ልጅ አይረከብም።

ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች እዚህ ላይ ደካማ የሆኑት አነሳሳቸው ከቢሮ ሥራ ስለሆነ ነው። እንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት በጣም ተስፋፍቶ የቆየው ሲምስ የሚባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሉተን ከተማ ውስጥ አንድ መምህር ለትምህርት ቤቱ ብሎ የጀመረው ነው፤ ስም ዝርዝርና የመሳሰለውን የጽሕፈት ቤት ሥራ ለማቅለል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ፓወርስኩል ደግሞ ወላጅ እቤቱ ሆኖ የልጁን ውጤትና መቅረት በኢንተርኔት እንዲያይ አደረገ። የደህንነት ጉዳይ ትኩረት ያገኘው ቆይቶ ነው፤ ያውም ልጆች ከሞቱ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የተባለች የ8 ዓመት ልጅ ለንደን ውስጥ አሳዳጊዎቿ አሠቃይተው ገደሏት። ሐኪም ቤት አይቷታል፣ ፖሊስ ያውቃታል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችም አግኝተዋታል። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ቀረ፤ ቁራጮቹን አገጣጥሞ ያየ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ለንደን አንዲት እናት በሚጥል በሽታ በድንገት ሞተች። የ4 ዓመት ልጇ እቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቶ በረሃብ ሞተ። ትምህርት ቤቱ ደውሏል፣ ቤቱ ድረስም ሰው ሄዶ አንኳኩቷል፤ መልስ የሰጠ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ትምህርት ቤቶች በተቻለ መጠን ለአንድ ተማሪ ከአንድ በላይ የድንገተኛ ጊዜ ስልክ እንዲይዙ ይላል።

ወደዚያ ባዶ ሳጥን ልመለስ። ባዶ ሳጥን አይጠቅምም፤ መምህሩ «ባህሪው ተበላሽቷል» ብሎ ጽፎ ይሄዳል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። መጻፍ ያለበት የታየው ነገር ነው። «ማክሰኞና ረቡዕ ምሳ ሳትበላ ዋለች፤ ስጠይቃት አለቀሰች» ተብሎ። ማን አየ? መቼ? ለማን ተነገረ? ምን ተደረገ? መቼ ተመልሶ ይታያል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀን ሊኖረው ይገባል፤ ያ ቀን ሲደርስ ሶፍትዌሩ ራሱ ማስታወስ አለበት። መቅረትንም እንዲሁ መከታተል ይችላል። አሜሪካኖቹ ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን የቀረ ተማሪ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ በፈቃድ ቀረ አልቀረ አይሉም። ለእኛም ይሠራል። በእርሻ ሥራ ወቅት የሚጠፋ ልጅ፣ ልትዳር የታሰበች ልጅ፣ ስንቅ ያለቀበት ልጅ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚታዩት አቴንዳንስ ላይ ነው።

ሻጮቹ ይህን እንሠራለን ካሉ በጽሑፍ ያስፍሩት፤ ለአንድ ሴሚስተር በአንድ ክፍል ይሞክሩትና ይግዙ። ካልሆነ ግን ገንዘቡን ለካርድ ያውሉት። በመስከረምና በየካቲት የክፍል ኃላፊ መምህራን እያንዳንዱን ቁጥር ደውለው ያረጋግጡበት። ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ልጆቼ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ የቀሩ ልጆችን ስም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፣ ያልከፈሉትንም ጭምር። ሰሞኑን ደግሞ አፕ ልንጀምር ነው ብለው ቅጽ ላኩ። ከባለቤትሽ ጋር አብረሽ ትኖሪያለሽ ወይ፣ ደሞዝሽ ስንት ነው፣ ልጁ ምን በሽታ አለበት ይላል። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ልሙላው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አስሙን ሙዪ። መምህሩ ማወቅ አለበት። የሚነፋው መድኃኒት የት እንደሚቀመጥና ሲያፍነው መጀመሪያ ምን እንደሚደረግም ጻፊላቸው። ደሞዙን ግን ለምን እንደፈለጉት ሳይነግሩሽ አትሙዪ። ስለ ትዳርሽም ትምህርት ቤቱ ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ማን ይወስዳል፣ ማንስ እንዳይወስደው። ከዚያ ያለፈው የቤትሽ ጉዳይ ነው።

አሁን ሕግም አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስብ መናገር አለበት፣ ለዚያ ከሚያስፈልገው በላይም መያዝ የለበትም። የጤና መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቅጹን ይዘሽ ሂጂና እነዚህን ጠይቂ፦ መረጃው የት ይቀመጣል? ማን ማን ይከፍተዋል? ልጄ ትምህርት ቤት ሲቀይር ምን ይሆናል?

ይህን የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም። የቪክቶሪያ ሞት ከተመረመረ በኋላ እንግሊዞች ኮንታክትፖይንት የሚባል የመረጃ ቋት ሠርተው ነበር። 11 ሚሊዮን ያህል ልጆችን፣ ከአድራሻቸው፣ ከወላጃቸውና ከትምህርት ቤታቸው ጋር የሚይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ፣ በ2010 ነሐሴ ተዘጋ። የተነሳበት ሐሳብ ልጅን ማዳን ነው፣ እኔም ሐሳቡን አልጠላውም። ግን የአገሩን ልጅ ሁሉ አንድ ቦታ አስቀምጦ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች መክፈት ብዙ ሰው አስደነገጠ። ቅድም ያነሳሁት ፓወርስኩልም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በተሰረቀ የይለፍ ቃል ተገብቶበት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን መረጃ ተወስዷል። አንድ የይለፍ ቃል ነው።

ስለ ግሩፑ፣ አጥብቀሽ ተናገሪ። የቀረ ልጅ ወላጁ ለብቻው ይነገረው። ገንዘብ ያልተከፈለለት ልጅ ስሙ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሲወጣ ነገ ክፍል ውስጥ የሚሰማውን አስቢው። ዝም አትበዪ። ግን ብቻሽን አትሂጂ፤ ሁለት ሦስት ወላጆች ሆናችሁ በአካል አነጋግሯቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሸዋ ሮቢት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ትንሽ የተማሪ መመዝገቢያ ራሴ እየሠራሁ ነው። ከነጻ የውጭ ሶፍትዌር ነው የተነሳሁት። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎበዝ። ከስም ጀምር። የውጩ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሦስት ሳጥን አድርግላቸው፣ የእናትንም ስም ጨምር። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ከነአባቱ ሲገጥምህ የሚለያቸው እሱ ነው። ፍለጋው ላይ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንደ አንድ ይቆጠሩ። አለዚያ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልገው አያገኘውም፤ ከዚያ ልጅቷ ሁለተኛ ትመዘገብና መረጃዋ ለሁለት ይከፈላል። ስታስቀምጠው ግን ቤተሰቡ እንደጻፈው አስቀምጠው።

ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ያዝ። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ብዙ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆን የሚያውቅማ ከዚያም ያነሰ። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ልጅ ሲመጣም ዓመቱ ብቻ ይበቃው። ቀን ካልሞላህ አላሳልፍም የሚል ቅጽ ክፍሉን በሙሉ መስከረም 1 የተወለደ ያደርገዋል።

ከኤክሴል ስታመጣ ስልኮቹን እይ። ኤክሴል ቁጥር መስሎት የመጀመሪያዋን ዜሮ ይጥላታል፣ 09 የነበረው 9 ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዓምዱን አስቀድመህ ጽሑፍ አድርገው። ድሮ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ፣ በእነዚያ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ የተጻፈ ዝርዝር ካለህ እንዳለ አትገልብጠው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ የድሮዎቹ የራሳቸው ኮድ ስላላቸው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ። ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ አይተነዋል፤ መብራቱንም ታውቀዋለህ። የተጠሪዎች ዝርዝር በየወሩ ታትሞ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጥ። ኮፒውን በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፍላሽ ከግቢው ውጪ አስቀምጥ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አጣዬም እናንተም ጋ የሆነውን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ትምህርት ቤት ሲዘረፍ ወረቀቱም ኮምፒውተሩም አብሮ ነው የሚሄደው። ተፈናቅሎ ያለ ምንም ማስረጃ የመጣ ልጅንም ሶፍትዌርህ እሺ ብሎ ይመዝግበው፤ «ትራንስክሪፕት ይጎድላል» ብሎ ምልክት ያድርግ እንጂ አይመልሰው። የደህንነት ጉዳይ የተጻፈበትን ገጽ ደግሞ ማንም እንዳያጠፋው አድርግ፤ ስህተት ቢኖር እርማቱ ከሥሩ፣ ከአራሚው ስም ጋር ይጻፍ። ማን ከፍቶ እንዳየውም ይመዝግብ።

ጥያቄ፦ ከዓለም ከተማ ገባ ብሎ ባለ ገጠር አስተምራለሁ። መብራትም ኮምፒውተርም የለንም። እኛስ?

መልስ፦ እናንተም ትችላላችሁ። ሁለት ወፍራም ደብተር ግዙ። በአንዱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ገጽ ስጡና ተጠሪዎቹን፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነና በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጻፉ። ስልክ የሌለው ቤት ከሆነ በዚያ በኩል የሚሄድ ታላቅ ተማሪ ስም ይጻፍ፤ መልእክት የሚያደርሰው እሱ ነው። ይህኛው ደብተር ሁሉም መምህር በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የደህንነት ነው። ቀን፣ የታየው ነገር፣ ያየው ሰው፣ የተደረገው፣ ተመልሶ የሚታይበት ቀን። ዓርብ ዓርብ ርዕሰ መምህሩና አንዲት ሴት መምህር አብረው ይክፈቱት፤ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ወይም ለቀበሌ መነገር ያለበት ካለ ያን ቀን ይነገር። ይህ ደብተር በቁልፍ ይቀመጥ። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ ትርፉ ደግሞ ሴቷ መምህር ጋ ይሁን፤ አንዱ ለስብሰባ ወረዳ ሲሄድ ሌላው እንዲከፍተው።